ቁልፉ እናትሽ ጋ ነው

ሐዲዱ እንደ ተቆጣች ድመት ጀርባ ጎብጦ ተነሥቷል። ሹፌሬ የሻዩን ትሪ እንደያዘች አጠገቡ ቆመች። ጠዋት ስታየው በጽጌረዳው ሥር አልፎ፣ በውኃው በርሜል ጀርባ ተጠምዝዞ፣ አባቷ እንደዘረጋው ተኝቶ ነበር። አሁን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ከሥሩ የተረበረቡትን ጣት የሚያካክሉ እንጨቶች ነቅሎ ወደ ጎን ወጥቷል።

"ጋሼ፣ ይሄን የነካው ማነው?"

አጎቷ ከለቀስተኞቹ መካከል ተነሥቶ መጣ። የብረት በር በያጅ ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ከለቅሶው ይሁን ከብየዳው ብርሃን አይለይም።

"እኔ ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ትናንት አመሻሽ ላይ፣ እናንተ እንግዳ ስትሸኙ። መጋጠሚያው ሁሉ ክፍት ነበር። ወንድሜ ሕመሙ ቀድሞት ሳይጨርሰው የቀረ መሰለኝ። ልጨርስለት ብዬ በየድኩት።"

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ተወችው።

"እሱ ሆን ብሎ ነው ክፍት የሚተወው። ብረት ሲሞቅ ይንጠራራል፤ ቦታ ካጣ ይጣላል ይለኝ ነበር።"

አጎቷ ሐዲዱን አየ፤ ከዚያ እጆቹን፣ የሌላ ሰው እጆች ይመስል።

ከአጥሩ ሥር ከተደረደሩት ወንበሮች አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ "ለመጫወቻ ነው እንዴ እንዲህ የሚሆኑት?" ስትል ተሰማ።

"መጫወቻ አትበዪ" አላት ከኋላዋ የተቀመጠው ጡረተኛ የአውቶብስ ሹፌር። የሟቹ የቅርብ ጎረቤት ነው። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶብስ ስነዳ በሰዓቴ ደርሼ አላውቅም። ይሄ ባቡር ግን ሻይ ጭኖልኝ እስከዚህ አጥር ሲመጣ አንድ ቀን አላረፈደም።"

ሬዲዮ ጠጋኙ አባቷ ባቡሩን የሠራው ከአሮጌ የቴፕ ሞተርና ከብስኩት ቆርቆሮ ነበር። የሐዲዱ ስፋት ስንዝር አይሞላም። እሷ ገና ልጅ ሆና ሣሩ ላይ በሆዷ ተኝታ ማብሪያ ማጥፊያውን ስትነካካ "ሹፌሬ፣ ቀስ፣ መንገደኛ አለ" ይላት ነበር። መንገደኞቹ ሁለት ድንች ነበሩ። ስሟ ግን በዚያው ቀረ፤ ይኸው ሦስት ፀጉር ሠሪዎች የምታስተዳድር ሴት ሆና እንኳ ሰፈሩ ሌላ ስም አያውቅላትም።

አሁን የሚያስጨንቃት እናቷ ነበረች። ከቀብር ሲመለሱ ሐዲዱን አየችና "ይነቀልልኝ። ዝም ብሎ ሲተኛ ማየት አልችልም" አለች፤ ክፍሏ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለቀስተኛው ሲበተን ይነቀላል ተባለ። ሹፌሬ ግን "ዝም ብሎ" የሚለውን ቃል ይዛ ቀረች። ዝም ባይልስ? አንድ ዙር ቢሄድና እናቷ ብትሰማው፣ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል።

አባቷም ሆስፒታል ተኝቶ "ባቡሩን እንዳታቆሚው። ሐዲዱ ካስቸገረሽ ቁልፉ እናትሽ ጋ ነው" ብሏት ነበር። እናቷን ስትጠይቃት የቁልፍ ዘለላዋን አልጋው ላይ ዘረገፈችው፦ የቁም ሣጥን፣ የጓዳ፣ የውጭ በር። "የባቡር የሚባል የለኝም" አለች። ትኩሳቱ ያናገረው መሰላቸውና ተዉት።

አጎቷ ብየዳውን በብረት መጋዝ ይቆርጥ ጀመር።

"ምን ያህል ላራርቀው?" አላት ላቡን እየጠረገ።

"እንጃ። ከሰፋ ጎማው ይሰናከላል፤ ከጠበበ ያው እንዳየነው ነው።"

ሻይ ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች።

"ምንድነው የሚንጫጫው?" አለች እናቷ ሳትዞር።

"ጋሼ ሐዲዱን እየቆረጠ ነው።"

"ደግ አደረገ።"

"እየነቀለው አይደለም፣ እማዬ። ክፍተቱን በይዶት ፀሐይ ሲመታው ጎበጠ። አሁን ደግሞ ስንት እንደሚያራርቀው ጠፋን።"

እናቷ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች።

"በቁልፍ ነዋ" አለች።

"በምን ቁልፍ?"

እናቷ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ቡናማ ካፖርቷን ጎትታ አወጣች። ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ እንደ ሌሎቹ በክር አልተሰፋም፤ በመዳብ ሽቦ ታስሯል።

"መጀመሪያ ክፍተት ሲያበጅለት ይሄን ለብሼ አጠገቡ ቆሜያለሁ። መለኪያ ቢያጣ ካፖርቴን ጎትቶ ቁልፉን በጠርዙ መጋጠሚያው ውስጥ ከተተው። 'ልክ ነው፣ እንዳትነቃነቂ' አለኝ። ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ጎንብሼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር ይፈታብኛል። መርፌ መያዝ አያውቅ፣ በሬዲዮ ሽቦ ያስርልኛል። ስንት ሰው ፊት አፈርኩ መሰለሽ።"

ሳቀች። ሳቋን ራሷ ሰምታ ደነገጠች፤ ቁልፉንም በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"ለካ ይሄን ቁልፍ ነው ያለሽ" አለች። "አሁን አይሆንም። ጠዋት፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው የሚለካው።"

በማግስቱ ማለዳ እናቷ ካፖርቷንና የተፈታውን ቁልፍ ይዛ ወጣች። አጎትየው ቀና ብሎ ማየት ፈራ።

"ይቅር በይኝ።"

"እሱም መጀመሪያ ክፍተት ሳይተው ገጥሞት ነበር" አለችው እየተቀመጠች። "በጋውን ሙሉ ሲያቃና ከረመ። ወንድማማቾች ናችሁ፣ ምን ይደረግ?"

ቁልፉን ከመጋጠሚያው ትከታለች፤ እሱ ሐዲዱን እስኪነካው ያስጠጋና ሚስማሩን ይመታል፤ እሷ ታወጣለች፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። የመጨረሻው ሲያልቅ ሹፌሬ ሣሩ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ማብሪያውን ተጫነች።

ባቡሩ አንዴ ተንገጫግጮ ተነሣ። ክፍተቶቹን በተሻገረ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ብየዳው ሳይቆረጥ ቢቀር ኖሮ ይህ ድምፅ አይኖርም ነበር። በጽጌረዳው ሥር አለፈ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ተሰወረ። እናቷ እስኪወጣ አልተነፈሰችም። ወጣ። የሻይ ብርጭቆውን እንደጫነ ጡረተኛው የተቀመጠበት አጥር ሥር ደረሰ።

ጡረተኛው ሻዩን አንሥቶ በጥንቃቄ ቀመሰው። "ዛሬም አላረፈደም" አለ፤ ቀሪውን ለመጠጣት ግን ፊቱን ማዞር ነበረበት።

ሹፌሬ ቡናማ ክር በመርፌ ሰክታ ለእናቷ አቀረበችላት። እናቷ መርፌውን ወደ ጎን አደረገች። የመዳቡን ሽቦ በጣቶቿ አቃንታ በቁልፉ ቀዳዳዎች አሳለፈችውና ጫፉን ጠመዘዘችው።

"እማዬ፣ ላላ እኮ።"

"ይላላ። ለሚመጣው በጋ መልሰን እንፈታው የለ?"

ፀሐዩ መሞቅ ጀምሯል። ቢሆንም ካፖርቱን ለበሰችና ያንን አንዱን ቁልፍ ብቻ ቆለፈች።