የሚመልሱት ሽቦዎች

አናጢዋን የሰፈሩ ሰው «እጀ ወርቅ» ይላታል። አሮጌ ፒያኖ ማደስ ከአባቷ የወረሰችው ሙያ ነው። ያን ባለ ሦስት እግር ትልቅ ፒያኖ ያመጣችላት አንዲት አስተማሪ ናት። የሟች እናቷ ነበር፤ ቀለሙ ተላልጦ፣ ክዳኑ ተሰንጥቆ ሲያዩት ሆድ ያባባል። አባትየው ደግሞ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አንደበታቸው ተቆልፏል። አስተማሪዋ ልጃቸው፣ ቤት ብቻቸውን ከሚውሉ እዚህ ይቀመጡልኝ ብላ ለመነች፤ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጣቸው።

አናጢዋ የድሮውን ቫርኒሽ ፍቃ፣ ስንጥቁን በኮላ ደፍና፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ስታሻሽ ሰነበተች። የሽቦዎቹን ድምፅ የሚያፍኑትን ባለሱፍ እንጨቶች ብል በልቷቸው ስለነበር አወለቀቻቸው። ወዲያው አቧራው ትን አላት። ስታስል ከፒያኖው ሆድ ውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ መልሶ የሳለ መሰላት። ምክንያቱን ታውቃለች፤ ያልታፈነ ሽቦ አጠገቡ ለተሰማ ድምፅ ይመልሳል። 

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። ፒያኖው ላይ ጎንበስ ብለው «ሆዴ» አሉ።

እሳቸው ዝም ሲሉ ሽቦዎቹ ቀጠሉ፤ «ኦ… ዴ…»

«እንዲህ ብዬ ነበር የምጠራት» አሉ። «እነዚያን እንጨቶች አትመልሻቸው፣ ልጄ።»

ካልተመለሱ ፒያኖው ጩኸት ብቻ እንደሚሆን ልታስረዳቸው ሞከረች፤ ዓይናቸውን ስታይ ግን ተወችው። እንጨቶቹን በአዲስ ሱፍ ሠርታ ስትመልስ የቀኙን ፔዳል አሳየቻቸው። እሱን በእግር ሲረግጡት እንጨቶቹ ሁሉ ከሽቦው ላይ ይነሣሉ።

ፒያኖው መልክ እስኪያሳይ ተወልውሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ልጅቱም መርቃት ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ግን ደወለች። አባቷ እግራቸውን ከፔዳሉ አላነሣ እንዳሉ፣ ምግባቸውን እዚያው ካላቀረበችላቸው እንደማይቀምሱ፣ ከሷ ጋር ግን አንድ ቃል እንደማይለዋወጡ ነገረቻት። አናጢዋ፣ የሽቦ ጠባይ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም፣ የተናገሩትን ነው የሚመልሰው አለቻት።

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሱስ ገብቶኛል። ዛሬ ግን አባዬ ምንም አልተናገረም። ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ስገባ በጣቱ ዝም በይ አለኝ።»

«አንቺስ ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ፒያኖው እኔን ነው የጠራኝ። እማዬ ስታቆላምጠኝ ትለኝ እንደነበረው አድርጎ።»

አናጢዋ ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ፒያኖ ካለ፣ ደንበኛ ሲመጣባት በረንዳ ላይ አውጥታ ነው የምታነጋግረው። ውስጥ ስትሠራ ቃል አይወጣትም።