የሐምሌ ጭስ

«…ሲመሽ ነው የሚያጨሱት። በአዋሳ ሙቀት ሰው ቤቱ ውስጥ ምን ያቃጥላል?»

ጥሩወርቅ ከዚያ ወሬ የቀራት ይኸው ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ወንድ «ወረቀት ይሆን እንዴ?» ያለ ይመስላታል። ሴቲቱ የመለሰችውን ግን ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው ዝናብ ወሰደባት። ሳቅ ነበረው? እሱንም አታስታውስም። የሴቲቱን ድምፅ ግን አልረሳችውም፤ የጎረቤቷ የሙሉመቤት ነበር። ወንዱ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነበር። በማግስቱ መጥተው ባሏን ታምሩን ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ክረምት አለፈ። ዛሬ የታምሩ ሰልስት ነው። ሙሉመቤትም እዝን ይዛ ከሁሉ ቀድማ መጥታለች።

«እማማ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» አለች ወደ ሟቹ እናት ጎንበስ ብላ።

እማማ ደብሪቱ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። «መች ራበኝ ልጄ? ብርዱ ነው። ጉልበቴን በላው።» ጥግ ወደቆመው የብረት ምድጃ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ያን የልጄን ምድጃ የሚያነድልኝ ይጥፋ?»

«ሐዘን ቤት እሳት አይነድም እማማ» አሉ አንዲት የእድር ሴት። «እኛ ታዲያ እዝን የምናመጣው ለምንድን ነው?»

«ሙቀት በአገልግል አይመጣማ!» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ቱቦው ተሰብሯል ይለኝ ነበር ታምሩ። ይኸው ደህና ነው፤ ዛሬ በእጄ ዳሰስኩት። ሚስቱ ጭስ ጠልታ ነው። ልጄን በብርድ ጨረሰችው።»

ለቅሶተኛው ሁሉ ወደ ጥሩወርቅ ዞረ።

ታምሩ መናኸሪያው አጠገብ በያጅ ነበር። እናቱን ከደብረ ብርሃን ያመጣቸው ከደጋው ብርድ ሊያሳርፋቸው ብሎ ነው። ቁርጥማቱ ግን የሐይቁን እርጥበት ተከትሎ አዋሳ ድረስ መጣባቸው። በርሜል ቆርጦ ምድጃ ሠራላቸው፣ ቱቦውንም በጣሪያው አወጣው። ሰፈሩ ተሳለቀበት። «አዋሳ ላይ እሳት መሞቅ! ሐይቁን ልታፈሉት ነው?»

ሚስቱን ማንደድ ሲያስተምራት ትዕግሥቱ አያልቅም ነበር። «መጀመሪያ የቱቦውን ክዳን ክፈቺ። ቀጫጭኑን አስቀድሚ። ግንዱን ቀድመሽ ካጎረስሽው ይታነቃል።» እሷ ትቸኩላለች። ቤቱ በጭስ ይታፈናል፤ እሱ በሩን እየከፈተ ይስቃል፣ እማማ እያሳሉ ይመርቃሉ።

ቀበሌ ወስደው የጠየቁት «ያቃጠልከውን ወረቀት ማን ሰጠህ?» ብለው ነው። «እናቴን ስለሚበርዳት ነው ያነደድኩት» አለ። ያፌዘ መስሏቸው ለዚህ መልስ አብዝተው ገረፉት። ደረቱ ተበላሽቶ ተመለሰ፤ ጭሱ ዳግም እንዳያስጠረጥራቸው ምድጃው ከዚያ ወዲህ እሳት አላየም። «እናቴ ‹በእኔ ጉልበት የተነሳ ነው የተገረፈው› እንዳትል፣ እንዳትነግሪያት» ብሎ ጥሩወርቅን አስማላት። ክረምት በመጣ ቁጥር ሦስቱም ቀዝቃዛውን በርሜል እያዩ ተቀመጡ። እሷ በየማለዳው ገብርኤል ደጃፍ ቆማ ሙሉመቤትን ይቅር ልትል ትሞክር ነበር። አፏ «አቤቱ» ይልና እዚያው ይቀራል።

ጥሩወርቅ ማገዶ ልታመጣ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። እንጨቱን ዝናብ አበስብሶታል። ሙሉመቤት ከኋላዋ መጣች።

«ከቤቴ ላምጣልሽ ጥሩዬ። ደረቅ ባሕር ዛፍ አለኝ።»

«ያኔም ስለ እሳታችን ታስቢ ነበር።»

ሙሉመቤት ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰምተሽ ነበር?»

«እስከ ዛሬም እሰማሻለሁ።»

«በማርያም፣ ወሬ ነበር! ወሬ ብቻ! ይወስዱታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ወሬ መሆኑንማ አውቃለሁ። ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ዝናቡ በመሃላቸው ወረደ።

«ምን ላድርግልሽ?» አለች ሙሉመቤት።

«እንጨቱን አምጪ። ከዚያ ምድጃው ለምን ሳይነድ እንደኖረ ለእማማ ንገሪያቸው።»

«በሰልስቱ? ሰው ፊት?»

«እኔን ሰው ፊት አይደል ገዳይ ያሉኝ?»

«አንቺው ብትነግሪያቸውስ?»

«እኔ ለታምሩ ምያለሁ። አንቺ አልማልሽም።»

ሙሉመቤት ወደ ቤቷ አቀናች። የምትመለስ አይመስልም ነበር። ተመለሰች፤ ነጠላዋን እንጨቱ ላይ ጥላ፣ ራሷ በስብሳ።

ጥሩወርቅ ክዳኑን ከፈተች። ቀጫጭኑን ደረደረች፣ ለኮሰች፣ ጠበቀች። የእድሯ ሴት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ዳሩ ማንም አልከለከላትም። እሳቱ ያዘ። ቤቱ ውስጥ ምንም አላጨሰም።

«ተባረኪ ሙሉዬ» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ እንጨቱን ማን እንዳመጣው አይተው ነበርና። «የገዛ ቤቴ የነፈገኝን አንቺ ሰጠሽኝ።» የታመሙትን እግሮቻቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁላት። «ነይ፣ ከጎኔ ሁኚ። በስብሰሻል እኮ።»

ሙሉመቤት ቀና ብላ ጥሩወርቅን አየቻት።

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አለቻት፤ ከአሮጊቷም ጎን ተቀመጠች።