የቬልማ መቀርቀሪያዎች

እኛ ከተማ፣ ኔብራስካ ውስጥ፣ የጓዳ በር አይንኳኳም። ገፍተህ ትገባለህ፣ "አለሁ!" ትላለህ፣ ያመጣኸውን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ። በነሐሴ ዝኩኒ ሲትረፈረፍማ ሰው በሌለበት ገብተን ጥለን እንወጣለን። ከሌባ ይልቅ የሚፈራው ዝኩኒ የተረፈው ጎረቤት ነው።

ቬልማ ጎረቤቴ ናት፤ ከልጅነታችን አብረን ነው የተማርነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቴሌቪዥኗ አይጠፋም። ሩቅ ከተማ አንድ ሰው ይገደላል፣ ያንኑ ሰው ቀኑን ሙሉ ደጋግመው ያሳዩአታል። ለሷ ግን አንድ ሰው አይደለም፤ ባሳዩአት ቁጥር ሌላ ሰው ይሞትባታል። በመከር ላይ በሯን ሦስት መቀርቀሪያ አስገጠመችው።

"ማንን ነው የምትፈሪው?" አልኳት። "እዚህ አገር መጨረሻ የተሰረቀው የቄሱ መጥረጊያ ነው። እሱም ተመልሷል።"

"ፈሪ ለእናቱ ሲሉ አልሰማህም?"

"እናትሽ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!"

"ሳቅ አንተ! እነዚያም እንዳንተ ሲስቁ ነው የታረዱት።"

ተናደድኩ። ዝኩኒዬን ደጃፏ ላይ ትቼ ሄድኩ።

በጥር አንድ ጠዋት በረዶ ልጠርግላት ወጣሁ። መጋረጃው አልተከፈተም። ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ ውጭ ድረስ ይሰማል፤ ሳይረን፣ ተኩስ፣ የምትጮህ ሴት። ደህና ናት ማለት ነው ብዬ መጥረጌን ቀጠልኩ። ቆይቶ ግን የምትጮኸው ሴት "ሌስተር!" ብላ ስሜን ጠራች። ዜና ላይ ደግሞ ማን ያውቀኛል?

አካፋዬን ጥዬ በሩን ደበደብኩት። "ቬልማ! ክፈቺ!"

"ወድቄያለሁ! መነሳት ብችል አንተን እጠራ ነበር?"

ከቤቴ መጥረቢያ አመጣሁ። መቀርቀሪያዎቹ ጥሩ ዕቃ ናቸው፣ ንቅንቅ አላሉም። የተፈለጠው እንጨቱ ነው። ቬልማ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ከማታ ጀምራ ስትጮህ አድራለች፤ ጩኸቷን ከቴሌቪዥኑ የለየላት ሰው አልነበረም። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ፣ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አለኝ።

በማግስቱ ልጠይቃት ሄድኩ። አጠገቧ ያለችው ታማሚ ስለተኛች የክፍሉ ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቷል። የአካባቢያችን ጣቢያ ወሬ አጥቶ ነው መሰለኝ፣ የቬልማን ቤት መጥቶ ቀርፆት ኖሯል። ምስሉ መጣ፦ የተፈለጠ በር፣ በረዶ ላይ የተጣለ መጥረቢያ።

ቬልማ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

"አየህ? አላልኩህም? ምስኪን! ማን ትሆን?"

"ያንቺ በር ነው እኮ፣ ቬልማ" አልኳት። "የሰበርኩትም እኔ ነኝ።"

በሩን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ከእጄ አወጣች።