የሞተሯ የሞት ወረቀት

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ፦ በ1999 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ገብታ፣ ከኦቶና እስከ ጉኑኖ ጭቃ ስታቦካ የኖረችው የ«ላም ለሁሉ» ፕሮጀክት ቀይ ሞተር ሳይክል፣ ባደረባት ያለመነሣት ሕመም በመጋዘን ስትረዳ ቆይታ፣ ዛሬ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት መሞቷ በባለሙያ የሚረጋገጥ መሆኑን በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን።

ሐዘኑ እንኳ ያን ያህል ታላቅ አልነበረም። የፕሮጀክቱ የእንስሳት ሐኪም ጌታሁን ከጠዋት ጀምሮ ሲያፏጭ ነው የዋለው። ላስቲኩ ገና ያልተላጠ አዲስ ሞተር መጋዘን ውስጥ ቆሟል። የአሮጌዋ ሞት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከተፈረመ አዲሱ የእሱ ነው፤ ካልተፈረመ ቦዲቲ ላለው ባልደረባው ለትግሉ ይሄዳል። ጌታሁን ደግሞ የእግር መንገድ መሮታል። ባለፈው ማክሰኞ ምጥ የጠናባትን ላም ሊያዋልድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጉዞ ቢደርስ፣ ላሚቱ ታርዳ ጠበቀችው። ባለቤቶቹ ሰው አክባሪ ናቸውና «ዶክተር፣ ደክሞሃል፣ ቁጭ በል» አሉት። ታካሚውን በዳጣ በልቶ ተመለሰ።

ስለዚህ መካኒኩን በኃይሉን በጠዋት ጋራዡ ድረስ ሄዶ አነጋግሮታል።

«ሞቷል በል፣ ፈርም፣ ሂድ። ሌላ ነገር እንዳትነካ።»

«ሞቷል እላለሁ» አለ በኃይሉ። «ቃሌ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የንብረት ክፍሏ አያልነሽ ፎርሟን ይዛ ወጣች። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት፤ ሁለቱ ስልጠና ላይ ስለነበሩ ኮሚቴው ብቻዋን በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

በኃይሉ ሞተሯን አንድ ጊዜ ዞራት። «ሞቷል።»

«የሞት ምክንያት?»

«እርጅና።»

«እርጅና አይሆንም። በእርጅና የሚወገድ ቢሆንማ ሒሳብ ሹማችን ጋሽ ቦልቴ በዚሁ ፎርም በወጡ ነበር። ተራ ቁጥር ስድስት፦ በምርመራ የተረጋገጠ የብልሽት ምክንያት።»

ጌታሁን ፉጨቱን አቆመ። «ውስጡ ነድዷል ብለሽ ጻፊዋ፣ እህቴ።»

«ኮሚቴው አንተን አልጠየቀም።»

በኃይሉ ካንዴላውን ፈታ፣ ብረቱ ላይ አስጠግቶ ሞተሯን ረገጣት። ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ።

«እሳት አለው!» አለ ፊቱ በርቶ። ወዲያው ትዝ አለው። «ግን ሞቷል።»

የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ። ቤንዚኑ ጫማው ላይ ተንዠቀዠቀ። «ቤንዚንም ይወርዳል።»

«አትመርምረው፣ ታ ኢሻው!» አለ ጌታሁን። ሲጨንቀው «ወንድሜ» የሚለው በወላይትኛ ነው።

«ምክንያት ጠይቃለች፣ ምን ላድርግ?» አለ በኃይሉ፤ ጆሮው ግን ሰው ጋ አልነበረም። ካርቡሬተሩን አውርዶ፣ ቤንዚን የምታልፍባትን ፀጉር የምታህል ቀዳዳ ወደ ፀሐይ ይዞ አያት። አልታየችም። ከግቢው መጥረጊያ አንድ ጭራሮ መዝዞ ወጋት። ከጤፍ ያነሰች ዝገት ጥፍሩ ላይ ወደቀች።

«ይኸው። መንገድ የዘጋችው ይቺ ናት።»

ጌታሁን ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ምክንያት ተገኘ! ጻፊው!»

«በዚህች?» አለች አያልነሽ።

«ፎርሙ ምክንያት ይላል እንጂ ትልቅ ምክንያት ይላል?»

አያልነሽ ፎርሙን አገላበጠችው። አይልም። ስለዚህ «የዝገት ቅንጣት» ብላ ጻፈች፣ ማኅተሟን እፍ ብላ መታች፣ እስክሪብቶውን ለበኃይሉ ዘረጋች። አሥር ሰዓት ተኩል ነው። የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው።

በኃይሉ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ሰካ። ቀዳዳዋን እፍ አላት። ካርቡሬተሩን ወደ ቦታው መለሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ጌታሁን።

በኃይሉ ብሎን አጠበቀ።

«ተወው እንጂ፣ ተፈትቶም ይወገዳል!»

ሌላ ብሎን አጠበቀ። አንድ ጊዜ ረገጣት፤ አሳላት። ሁለተኛ ረገጣት። ግቢው በጭስ ተሞላ፤ አሮጌዋ ሞተር አንዲት ምት ሳትስት ዱክ ዱክ ትል ጀመር። ዘበኛው አጨበጨበ።

አያልነሽ ፎርሙን ለሁለት ቀደደችና ስልኳን አወጣች። «ሄሎ፣ ትግሉ? እንኳን ደስ ያለህ!»

ጌታሁን ጭሱን እየከፈለ መካኒኩ ፊት ቆመ።

«ቃል ገብተህልኝ አልነበረም?»

«ገብቻለሁ።»

«ፎርሙ አልተሞላም?»

«ተሞልቷል።»

«እስክሪብቶው ጆሮህ ላይ አልነበረም?»

«አሁንም አለ።»

«ታዲያ ለምን?»

በኃይሉ ጎንበስ ብሎ ሚኒሞዋን፣ ቆማ የምትዞርበትን ፍጥነት፣ በካቻቢቴ ትንሽ ዝቅ አደረገላት። ድምፅዋን አዳመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አልናገርም» አለ።