አራቱ ፊቶች

አምለሰት ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጓሮ ጎንበስ ብላ ፊቷን ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበች። የእድሩ ሰብሳቢ አያ ደረሰ ጀሪካኑን ይዘው ውኃ ያፈሱላታል።

"ዓይንሽ ገና ቀይ ነው" አሉ። "እንዲህ ሆነሽ ከገባሽማ እናትሽ ሳንነግራት ታውቃለች።"

"ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ እላታለኋ።"

"ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ?"

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ተመልሶ ልቅሶ ሆነባት። አጎቷ ስመኘው፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ወሬው ጅጋ የደረሰው ዛሬ ጠዋት ነው። መርዶው ግን ለእናቷ የሚነገረው ነገ ማልዶ፣ የንስሐ አባቷ፣ ሽማግሌዎቹና የእድሩ ሴቶች ከበዋት፣ የሚደግፍ ክንድና የሚረጭ ውኃ ተዘጋጅቶ ነው። እናቷ ባንቺአየሁ ባለፈው ወር ደም ግፊቷ ተነስቶ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሳምንት ተኝታ የወጣች ሴት ናት። ሐኪሙም ድንጋጤ እንዳይነካት አስጠንቅቋል።

"አደራ" አሉ አያ ደረሰ። "እስክንመጣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ።"

"አያሳብቅም አያ፤ እርስዎ አይጨነቁ።"

ለእናቷ ቢሆን አያሳብቅም ነበር። ጅጋ ምላሷን እንጂ እንባዋን አያውቅም። የፈራችው ታናሽ እህቷን ይታይሽን ነው።

ይታይሽ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ሰው ሲቆጣት ትስቃለች። ጎረቤት ሲያለቅስ "አፍንጫሽ ረጥቧል" ብላ ትሄዳለች። መንደሩ ገሚሱ ዛር ነው፣ ገሚሱ ቅብጠት ነው ሲል፣ ከአሥረኛ ክፍል የቀረችው አምለሰት ከስልኳ እያነበበች፣ ያልገባትን ቃል በመዝገበ ቃላት እያሳደደች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ አስተማሪ ሆነች። የራሷን ፊት አራት ጊዜ ፎቶ አነሳች፤ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት። በቀለም አትማ፣ በላስቲክ አሽጋ፣ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ሰጠቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከራት በፊት፣ "ቅንድቡን እዪ፤ የአፉን ጫፍ እዪ" ነው። ይታይሽ በመለሰች ቁጥር "ልክ ነኝ?" ትላለች፤ መልስ ካላገኘች ከቦታዋ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን አምለሰት ከእናቷ ተጣልታ ሳለ ይታይሽ የቁጣውን ካርድ ብታሳያት "አልተቆጣሁም፤ ተሳስተሻል" አለቻት። ይታይሽ ካርዶቹን ሦስት ወር አልነካችም። ከፋሲካ ወዲህ ግን የሕያው ሰው ፊትም ደፍራ ማንበብ ጀምራለች። የአንድ ሰው ብቻ፤ የአምለሰትን።

ቤት ስትገባ ባንቺአየሁ በረንዳው ላይ ዛላ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

"ምነው ቶሎ መጣሽ?"

"መብራት ጠፋ።"

"እሰይ፣ ነይ ቀንጥሺልኝ። ይሄ የስመኘው ድርሻ ነው። የቆላ ወጥ ውኃ ውኃ ይላል እያለ ነው እኮ የሚያማርረኝ።"

አምለሰት ጀርባዋን ለቤቱ በር ሰጥታ ተቀመጠች። ሰፌዱን ወደ ጉልበቷ ሳበችና አቀረቀረች።

"ዓይንሽ ምን ሆነ?"

"በርበሬሽ ነዋ።"

"ከመቀመጥሽ? ምነው ምላስሽን ባቃጠለልኝ!" ባንቺአየሁ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። "ስመኘው ስልኩንም ዘግቶብኛል። ሦስት ቀኑ።"

"ኔትወርክ አይኖርም።"

"ይሆናላ።"

ከውስጥ የካርዶቹ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ይታይሽ ወጥታ ከአምለሰት ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እንደተማረችው መጀመሪያ ቅንድቧን፣ ከዚያ የአፏን ጫፍ አየች። አምለሰት የቻለችውን ያህል ፈገግ አለች።

ይታይሽ ራሷን ነቀነቀች። "አፍሽ አንድ ነው። ቅንድብሽ ሁለት ነው።" ሁለተኛውን ካርድ መዝዛ የእህቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠች። "ሐዘን። ልክ ነኝ?"

"ተያት እስቲ" አለች ባንቺአየሁ። "በርበሬው አቃጥሏት ነው።"

"በርበሬ ቅንድብ አያወርድም። ልክ ነኝ?"

የባንቺአየሁ እጅ ዛላው ላይ ቆመ። ሁለት ዓመት "የወረቀት ጨዋታ" እያለች ያፌዘችበትን ካርድ አየች። ከካርዱ ቀና ብላ የልጇን ፊት አየች። እንደገና ካርዱን።

"አምለሰት" አለች ቀስ ብላ። "መብራት አልጠፋም አይደል?"

አምለሰት ካርዱን አየች። "ተሳስተሻል" ማለት ብቻ ነው፤ አንዲት ቃል ናት። እሷን ካለች እናቷ እስከ ነገ ትተኛለች፣ ወይም የተኛች ትመስላለች። የይታይሽ ጣቶች ካርዱን ሊገለብጡ ጫፉን ይዘዋል።

"ልክ አይደለሁም?" አለች ይታይሽ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

አምለሰት ሰፌዱን ወደ ዳር ገፋች። ተነስታ የውኃውን ጆግ ከበሩ ሥር አነሳችና እናቷ አጠገብ አስቀመጠች። ከጎኗ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ክንዷንም በእናቷ ጀርባ ዙሪያ አሳልፋ አጥብቃ ያዘቻት።

ከዚያ ፊቷን፣ ምንም ሳትደብቅ፣ ወደ ይታይሽ አዞረች።

"ልክ ነሽ" አለቻት።