ከላይ የሚቆመው ወንበር

«ለአስተዳዳሪው የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች እህቱ፣ የሻይ ብርጭቆውን ፊቱ እያስቀመጠች። «ሰው ስትጠረጥር እንዳትውል ብዬ ነው።»

«አውቄያለሁ። ሌላ ማን አፉን ይበላዋል?»

«አፌን ተወው። ሴቶቹ ከገንዳው ልብስ መቀየሪያ አንወጣም እያሉ ነው የምልህ። ፎጣ ተጠቅልለው በሩ ላይ ይቆሙና ቀና ብለው ያያሉ። ላይ ደግሞ ያንተ ወንበር ላይ አንዱ ተሰቅሎ ያፈጥጥባቸዋል።»

«እኔ ነኝ የማፈጥጠው?»

«አንተማ ታች ነህ። አንተ የምታቆመው ነህ።»

ዳቦውን ቆርሶ ሻዩ ውስጥ ነከረና እዚያው ረሳው። «እትዬ፣ መንኮራኩሩ እኮ ገንዳው ከመቆፈሩ በፊት የነበረ ነው። ማን ነው ማን ላይ የመጣው?»

«ማንም ማን ላይ ይምጣ። ገንዳው ቀና ብሎ አያይም፤ ወንበርህ ግን ቁልቁል ያያል።»

ጭቅጭቁ የጀመረው ትናንት ከሥራ ሲመለሱ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ መዝናኛ ውስጥ፣ የሚኖሩትም ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥለዋል እንጂ ጭቅጭቃቸው ማረፊያ የለውም። እሷ ታላቅ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ እሷ ስትቆጣ እሱ የሚመልሰው ቃል ሁልጊዜ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚመጣለት።

መዝናኛው ውስጥ ሁሉም ሰው «ጋሽ ዙሩ» ይለዋል። ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ የሚቀመጥባቸውን ወንበሮች ወደ ሰማይ እያነሳ የሚያዞረውን ትልቅ የብረት መንኮራኩር የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሰው ሲያዞር ኖሮ ራሱ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም እያሉ ይቀልዱበታል፤ አብሯቸው ይስቃል። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ከማዞሪያው እጀታ ጋር አንድ ልማድ አስረክበውታል። ወንበሩ ጫፍ ሲደርስ አቁመው፤ መወዛወዙን እስኪተው ጠብቅ፤ ከዚያ አውርድ። ሰው ሲወጣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የሚገልጠው ወንበሩ ሲረጋ ነው፣ የመጣውም ለዚያች ነው ይሉት ነበር። ጋሽ ዙሩ ከእሳቸው ወዲህ አንድም ወንበር ጫፍ ላይ ሳያረጋ አውርዶ አያውቅም። ዝናብ ሲያካፋ እንኳ፣ ከታች ያሉት እየተቆጡ፣ ያረጋ ነበር።

ያለፉት ዓመታት ግን የሚረጋ ሰውም ጠፍቶ ነበር። ወንበሮቹ ባዷቸውን ሲዞሩ ይውላሉ። በመጨረሻ የመዝናኛው ባለቤት ተበድሮ ሸርተቴዎች ያሉት የውሃ መዝናኛ አሠራ። ሜዳው ያለውም የውሃው መስመር የሚያልፈውም ከመንኮራኩሩ ሥር ስለሆነ ገንዳው እዚያው ተቆፈረ። የመግቢያው ዋጋ በግማሽ ወረደ፤ አንዴ ከገቡ ደግሞ ሁሉም ጨዋታ በዚያው ትኬት ሆነ። ሰው ጎረፈ። መንኮራኩሩ ሥር ከስንት ዘመን በኋላ ሰልፍ ታየ። ጋሽ ዙሩ ሰልፉን ባየ ማግስት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ወንበሮቹን ቀይ ቀለም ቀባቸው። ጎረምሶቹ ስልካቸውን እንዳዘጋጁ እንደሚወጡ አይቷል። ከተማውን ፎቶ ሊያነሱ ነው ብሎ ነበር ያሰበው።

አስተዳዳሪው ወጣት ነው፤ ደስ የማይል ነገር ሊናገር ሲል የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክላል። በዚያው ጠዋት መንኮራኩሩ ሥር ቆሞ እጅጌውን አስተካከለ።

«ጋሽ ዙሩ፣ አትቀየመኝ። ጫፍ ላይ ሳታቆም አዙር። አይሆንም ካልክ ገንዳው ክፍት እስካለ ድረስ መንኮራኩሩ ይዘጋል።»

«ገንዳው መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ሲመሽ።»

«ሲመሽ እኛም እንዘጋለን።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» አስተዳዳሪው ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ ወደ ገንዳው። «ታዲያ ምን ላድርግ? ገንዳውን ልድፈነው?»

ጋሽ ዙሩ ሞከረ። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች አሳፍሮ ጫፍ ላይ ሳያቆም አሳለፋቸው። ወንበሩ ሳይረጋ ቁልቁል ሲገባ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ ልጇን የታቀፈች እናት «አውርዱን፣ ኧረ አውርዱን» ብላ ጮኸች። እሱም ፊቱ ጠቆረ። የሚቀጥለውን ወንበር ያለ ምንም ሐሳብ፣ እጁ እንደለመደው፣ ጫፍ ላይ አቆመው። ወዲያው ከገንዳው በኩል ፉጨትና የሴቶች ቁጣ ተሰማ።

ልብስ መቀየሪያውን የምትጠብቀው እህቱ መጣች። የልብስ ሳጥኖቹ ቁልፎች አንገቷ ላይ ይንሿሿሉ።

«ውረድ ከዚያ» አለችው።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ከእጀታው ውረድ ነው የምልህ። ወንበሩ ላይ ውጣ። እኔ እይዘዋለሁ።»

እጀታውን ታውቀዋለች። ምሳ ስታመጣለት፣ እሱ ለጉዳይ ዞር ሲል፣ ስንት ጊዜ ይዛለታለች። ሰልፉ ላይ ያሉት ጎረምሶች «ማዘር፣ ተራ አለ» አሉ። «ዝም በል፣ አንተን እናትህ ትፈልግሃለች» አለቻቸው፤ ከመካከላቸው ማንን እንደሆነ አልለየችም፣ ሁሉም ግን ዝም አሉ።

ጋሽ ዙሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ገና ሥራውን ሲጀምር ሽማግሌው አንድ ጊዜ አውጥተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም። መንኮራኩሩ ሲነሳ እንደማንኛውም ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ቆመ። ወንበሩ ተወዛወዘ፣ ቀነሰ፣ ረጋ። ዓይኑን ገለጠ።

መጀመሪያ ያየው የቤቶቹን ጣሪያ ነው፣ ከጣሪያዎቹ ማዶ ደግሞ መንገዱን። ያማረ ነበር። ከዚያ ቁልቁል አየ።

የልብስ መቀየሪያው በር ላይ ሴቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዷ እግሯን ወደ ውጭ አወጣችና ቀና ብላ መለሰችው። ገንዳው ዳር አንዲት ልጅ፣ ለትምህርት ቤት በወጉ የደረሰች፣ በፎጣ ተሸፍና እግሯን ብቻ ውሃው ውስጥ ከትታለች። ወንዶች ልጆች ከፊቷ እየተንጫጩ ይንቦራጨቃሉ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ፎጣውን እስከ አንገቷ ሳበች።

እኔ ነኝ ለማለት እጁን ሊያነሳ ሲል ተወው። ማን መሆኑን ከየት ታውቃለች? ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ወደ መንገዱ መዞሩ ግን ከታች አይታይም።

እህቱ አላወረደችውም። እጀታውን ይዛ፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ ጠበቀች። ቆይታ፣ ሲበቃት አወረደችው።

«ረጋ?» አለችው።

«ረጋ።»

ቁልፎቿን እያንሿሿች ወደ ገንዳው ተመለሰች። እሱ መግቢያው ላይ ገመዱን ዘረጋ።

«ዛሬ አይዞርም» አለ።

«ጋሼ፣ በቃ አንዴ ብቻ» አለ ስልኩን የያዘው።

«ካማረህ ግባና ዋኝ። በዚያው ትኬት ነው።»

እጀታውን ቆለፈና ቁልፉን ለአስተዳዳሪው ወሰደለት። አስተዳዳሪው ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያየው ቆየ።

«ለገንዳው ፓምፕ ሰው እፈልጋለሁ፤ ደመወዙ ያው ነው» አለ።

«ውሃ አልወድም።»

«ውሃው ውስጥ እኮ አትገባም።»

«አስብበታለሁ። ገንዳው ቀደም ብሎ የሚዘጋበት ቀን ከተገኘ ግን አስጠራኝ። እጀታውን ለሌላ ሰው አትስጥ፤ ወንበሩ ካልረጋ ሰው ያመዋል።»

«እሺ፣ ጋሽ ዙሩ» አለ አስተዳዳሪው፤ ስልኩ ጠራና ዞር ብሎ አነሳው።

ጋሽ ዙሩ ኮቱን ከምስማሩ አወረደ፣ የምሳ ዕቃውን ያዘ። መንገዱ በገንዳው ዳር ያልፋል። ሲያልፍ ዓይኑን ከጫማው አላነሳም፤ ጩኸቱ ግን ከጠዋቱ የተለየ ነበር፣ የሴት ድምፅ በዝቶበታል። እህቱ አንዷን «ቁልፍሽን አንገትሽ ላይ አድርጊው፣ ውሃው ይበላዋል» ስትል ሰማት።

የበሩ ትኬት ቆራጭ ማታ ማታ ሲወጣ «ዛሬስ ስንቱን ሰማይ አደረስክ?» ሳይለው አሳልፎት አያውቅም። አሁን ግን ሁለት እጁ በትኬት ተይዟል፤ የሚገፋው ሕዝብ እስከ መንገዱ ደርሷል። «ግቡ፣ ግቡ፣ አትገፋፉ» ይላል። አንድ ቤተሰብ በአየር የተነፋ ትልቅ ቢጫ ጎማ ይዞ በሩ ላይ ተቀርቅሯል። ጋሽ ዙሩ ግድግዳውን ተጠግቶ ጎማው እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ በቀረችው ክፍተት ወጣ።

«ግቡ፣ ግቡ» አለ ትኬት ቆራጩ።