የጉድጓዱ አየር

ባቡሩ አዳማ ላይ መቆም ከጀመረ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም። ከጣቢያው ጀርባ ባለ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስድስት ጎረምሶች ፈረንሳይኛ ይማሩ ነበር። ሐሳባቸው ቋንቋውን ይዘው ባቡር ቤት መቀጠር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ታዲያ አንድ ሰኞ ጧት፣ ሙሴ የሚሉት ፈረንጅ አስተማሪያቸው ሁለት የመስታወት ዕቃ፣ ኮምጣጤና የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይዞ ገባ።

“ዛሬ የምንማረው ስለ አየር ነው” አለ።

“ስለ አየር?” አለ ደሊል፣ የወሎው ጨው ነጋዴ ልጅ፣ ምላሱ አርፎ የማያውቅ። “እሱንማ ከተወለድን ጀምሮ እየሳብነው አይደል እንዴ!” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሙሴ በአንዱ ዕቃ ውስጥ ሻማ ለኩሶ አቆመ። በሌላው ዕቃ ኮምጣጤውን ድንጋዩ ላይ ሲያፈስበት ፍልቅልቅ አለ። ከዚያ ዕቃውን አዘንብሎ ምንም የማይታይ ነገር ሻማው ላይ ደፋበት። እፍ ያለው ሰው ሳይኖር ሻማው ድርግም! ደሊል “አዑዙ ቢላህ!” ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

“ይህ አየር ከባድ ነው። ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፤ በጉድጓድ ውስጥም ይገኛል” አለ ሙሴ። “ሻማውን ያጠፋ፣ ሰውንም ያጠፋል።”

የደራው ገበሬ ልጅ ወዬሳ ክው አለ። የዛሬ ስምንት ዓመት አባቱ ማሽላ ሊያወጣ የእህል ጉድጓድ እንደገባ ቀረ። ሊያወጣው የገባው አጎቱም ቀረ። አገሩ ሁሉ የጉድጓዱ ጋኔን በላቸው ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ እናቱ ዲንቄ ጉድጓዱ በተከፈተ ቁጥር ጥቁር ዶሮ ታሳርዳለች። ለካ ጋኔን ብሎ ነገር የለም! ወዬሳ ማልቀስም መሳቅም አማረው።

ከዚያ ቀን በኋላ ፈረንሳይኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ኩራዝ በገመድ አስሮ የአዳማን ጉድጓድ ሁሉ ሲፈትሽ ይውላል። ያን ሁሉ ሲቀልድ የነበረው ደሊልም ደብተር ይዞ ይከተለዋል፤ ኩራዙ ስንት ክንድ ላይ እንደጠፋ ይጽፋል። “እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?” አሉ የሰፈሩ ሴቶች። ባቡር ቤት መቀጠሩን ሁለቱም ረሱት። የወዬሳ ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ከእናቱ ቤት ዳግመኛ ሰው በጉድጓድ እንዳይቀር።

የታላቅ ወንድሙ የኢተፋ ሠርግ ደረሰና ወዬሳ ደራ ገባ። ለድግሱ ማሽላው መውጣት አለበት። የቤቱ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው። ጉድጓዱ ተከፍቶ ያድራል፤ ከዚያም በቀን አንድ ክንድ ያህል ብቻ ይወጣል፤ የቀረው ለነገ። ለምን ቢባል የሚያውቅ የለም። የዚያን ዕለት ግን ጉድጓዱ ጧት ተከፍቶ ሳለ የጭላሎ ተራራ ራስ ጠቆረ፣ ነጎድጓዱም ማጉረምረም ያዘ። ክፍት ጉድጓድ ላይ ዝናብ ከወረደ ማሽላው አለቀለት ማለት ነው።

“ይደር” አለች ዲንቄ። “ዝናቡ የፈለገውን ያድርግ።”

“ተዪ እንጂ አዮ!” አለ ወዬሳ፤ እናቱን አዮ ነው የሚላት። “ጋኔን አይደለም፣ አየር ነው። ቆይ ላሳይሽ።”

ኩራዙን አወረደ። ጉድጓዱ እስከ አንገቱ ሙሉ ስለነበር ኩራዙ እዚያው ማሽላው ላይ ተቀመጠ፤ ቀጥ ብሎም ነደደ።

“አየሽ? ግባ ኢተፋ፤ ዛሬውኑ እንጨርሰዋለን።”

ዲንቄ ትንሹን ልጇን ትክ ብላ አየችው። የተማረው እሱ ነው፤ ምን ትበል?

ኢተፋ የሠርግ ዘፈን እያንጎራጎረ ቅርጫቱን ይሞላል፣ ወዬሳ ይጎትታል። ትንሽ እንደቆዩ ኢተፋ፣ “ኧረ ይህ ኩራዝህ ሊያቃጥለኝ ነው፤ አንሣልኝ!” ብሎ ጮኸ። ወዬሳ ሳቀና ኩራዙን ጎትቶ አወጣው። ደመናው እየቀረበ ነው። ኢተፋም ከማሽላው ጋር ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። መጀመሪያ ትከሻው ይታይ ነበር፤ ቀጥሎ ራሱ ብቻ፤ በኋላ ድምፁ ብቻ ቀረ። ከታች የሚወጣው ማሽላ ይሞቃል፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታም አለው። ወዬሳ ችኮላ ላይ ነበርና ልብ አላለውም።

ዘፈኑ ቆመ።

“ኢተፋ! ኢተፋ!” ወዬሳ ኩራዙን ለኩሶ አወረደ። ሁለት ክንድ ሳይሞላ ጭል ብሎ ጠፋ። ለካ ማሽላው በጎደለ ቁጥር ከባዱ አየር ከሥሩ እየወጣ ተጠራቅሞ ነበር።

ጎረቤታቸው ሰንበታ ጋቢውን ጥሎ ሊገባ ሲል ወዬሳ ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ጣለው። “ማንም አይገባም! የገባ አይወጣም!”

“ወንድምህ እኮ ነው!” ብላ ጮኸች ዲንቄ። “አንተ ግባ!”

አልገባም። ውሃ በእንስራ እያስመጣ ወደ ታች ደፋ፣ ቡሉኮ እያወናጨፈ አየሩን ለማውጣት ታገለ። አገር ቆሞ ፈሪ አለው። ዝናቡም ወረደ። በመጨረሻ ኩራዙ እስከ ታች ሳይጠፋ ሲደርስለት ወዬሳ በገመድ ታስሮ ገባ። ኢተፋ ቅርጫቱን እንዳቀፈ ቀዝቅዞ ነበር።

ወደ ማታ ዲንቄ ሬሳው አጠገብ እንደተቀመጠች ወዬሳን ጠራችው።

“አባትህን የገደለው ይኸው ነው?”

“አዎ፣ አዮ።”

“ታውቀው ነበር?”

“አውቀው ነበር።”

የኢተፋን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

“እኔ አላውቀውም ነበር” አለች። “ግን ይደር ብዬህ ነበር።”